ወፍ ሠዓሊዎቹ መንገደኞች

ከመቱ ወጣ ብሎ ጥቅጥቅ ባለው የኢሉባቦር ደን ውስጥ ትንሽ ጸጥ ብሎ ለቆመ ሰው ሶሪት የተባለችውን ወፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትሮጥ አረንጓዴ ናት፤ አንገቷ ላይ ነጭ ምልክት፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ አላት። ክንፏን ዘርግታ ወደ ሌላ ዛፍ ስትሻገር ደግሞ ደማቅ ቀይ ብልጭ ይላል። የክንፏ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ፤ ከአእዋፍ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቀለም ያላቸው እሷና ዘመዶቿ ብቻ ናቸው።

ለዓለም ሳይንስ የመዘገባት ከ1831 ጀምሮ ሀገራችንን የዞረው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ 1835 ላይ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እንደ እሱ ያሉ መንገደኞች ወፍ ገድለው፣ ቆዳዋን ገፈው፣ ጥጥ ሞልተው ወደ ሙዚየም ይልኩ ነበር። ላባው ለብዙ ዘመን ይቆያል። የዓይን ቀለም፣ የመንቁርና የእግር ቀለም፣ ያ በዓይን ዙሪያ ያለው ቀይ ቆዳ ግን ወዲያው ይደበዝዛል። ስለዚህ አብሯቸው የሚጓዘው ሠዓሊ ሬሳው ሳይደርቅ ቀለሙን በጥብጦ መቀመጥ ነበረበት። ፎቶግራፍ ባልነበረበት፣ ኋላም ጥቁርና ነጭ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የወፏን እውነተኛ መልክ ያተረፈው ይህ ጥድፊያ ነው።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። የቦሎኛ ሰው ነበር፤ ከስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጋር 1769 ምጽዋ ገባ፣ በማግስቱ ዓመት ጎንደር ደረሰ፣ ወደ ግሽ ዓባይም አብሮት ወረደ። ዕፅዋቱን፣ አራዊቱንና አእዋፉን ሲሥል ኖሮ 1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሲያሳትም የሠዓሊውን ድርሻ ሸፈነው፤ ግሽ ዓባይ አብሮት መድረሱን እንኳ ደበቀ። ባሉጋኒ ግን የየዕለቱን የአየር ጠባይ ይመዘግብ ስለነበር የራሱ ጽሑፍ መሰከረለት። ዛሬ ሥዕሎቹ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በብሩስ መጽሐፍ ከተገለጹት አእዋፍ መካከል «ዋሊያ» ያለው አረንጓዴ ርግብ የሳይንስ ስሙ እስከ አሁን በዚያው ቃል ይጠራል። ብሩስ በዓለም ሲታወቅ ብሩሹን የያዘው ሰው ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሳይጠራ መቅረቱ ግፍ ነው።

ከብሩስ በኋላ ሄንሪ ሶልት የተባለ መንገደኛም መጥቷል፤ እሱ ራሱ በሥዕል የሠለጠነ ነበር። በመቱ ጓሮዎች ዛፍ ላይ የምትንጫጫው ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ በቀቀን በሳይንስ የታወቀችው 1814 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ስም ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ ነው። በ1926 እና 1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ በላከው ቡድን ውስጥ ነበር። የፉየርቴስ ወፎች ቆዳቸው ላይ ሙቀት ያለባቸው ይመስላሉ፤ እኔ ከሁሉም እሱን አስበልጣለሁ። አሜሪካ በተመለሰ በጥቂት ወራት፣ ነሐሴ 1927፣ ኒውዮርክ ውስጥ ኡናዲላ በተባለች መንደር የባቡር ሐዲድ ሲሻገር መኪናውን ባቡር መታውና ሞተ። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ በአደጋው ተወርውረው ሳይጎዱ ተገኙ። ሙዚየሙ 32ቱን መርጦ በ1930 በአልበም አሳተማቸው።