ያውቁ ኖሯል? ማደያው ቢዘጋም ቤንዚኑ ከመሬት ሥር ይቀራል

ያውቁ ኖሯል? መሬት ውስጥ የተቀበረ የነዳጅ ታንከር በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢያፈስ፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ቤንዚን አፈር ውስጥ ይገባል። ብዙ ሺህ ሊትር የሚሸጥ ማደያ ይህን ጉድለት ከሒሳቡ ላይ ሳያገኘው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ለውኃ ግን ይህ ከባድ ነው። ቤንዚን ውስጥ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ፣ ቤንዜን የሚባል ኬሚካል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አሜሪካ ገደቡን 5 ላይ አድርጋዋለች። እስቲ ያስሉት፦ ከይዘቱ 1 በመቶው ቤንዜን ቢሆን፣ 1 ሊትር ቤንዚን 9 ግራም ያህል ይይዛል። ያ ሁሉ ቢሟሟ ከ800 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ የድርጅቱን ወሰን እንዲያልፍ ያደርጋል። አፍንጫዎን ደግሞ አይመኑት። ቤንዜን ከውኃ ውስጥ የሚሸተው ከተፈቀደው መጠን ብዙ እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ የተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮችን በፌዴራል ሕግ መቆጣጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ካኖብ ፓርክ በተባለ ሠፈር የነዋሪዎች የጉድጓድ ውኃ በማደያ ቤንዚን መበከሉን «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለመላው አገር አሳይቶ ነበር። ሕጉ ከወጣ ወዲህ በዚያች አገር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የታንከር ፍሳሾች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ጸድተዋል፤ ብዙ ሺዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተቋጩም።

የሳንታ ሞኒካን ታሪክ ሳልነግርዎ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመኪና ጭስን ለመቀነስ ኤምቲቢኢ የተባለ ኬሚካል ቤንዚን ላይ በብዛት ይጨመር ነበር። ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን ኤምቲቢኢ ከቤንዜን ይልቅ ከ25 እጥፍ በላይ በውኃ ይሟሟል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ቶሎ አይበሉትም፤ ከውኃው ጋር እኩል ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ፣ ቻርኖክ በሚባሉት ጉድጓዶች ውስጥ ተገኘ። በ1996 ጉድጓዶቹ ተዘጉ፤ ከተማዋም ከመጠጥ ውኃዋ ግማሽ ያህሉን አጥታ ከሩቅ የሚመጣ ውኃ ለመግዛት ተገደደች። የነዳጅ ኩባንያዎች ከክርክር በኋላ የማጣሪያውን ወጪ ለመሸፈን ተስማሙ፤ ጉድጓዶቹ ግን እንደገና ለሕዝብ ውኃ እስኪሰጡ ከ14 ዓመት በላይ ፈጀ። ካሊፎርኒያ ኤምቲቢኢን ከቤንዚኗ ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ነው።

ማደያው ከፈረሰ ብዙ ዓመት ከሆነው እንዴት ይመረመራል? ሥራው የሚጀምረው ከቁፋሮ ሳይሆን ከወረቀት ነው። በአሜሪካ መርማሪዎች «ሳንቦርን» የተባሉትን አሮጌ የእሳት መድን ካርታዎች ያገላብጣሉ፤ መድን ሰጪዎች እሳት ስለሚፈሩ የቤንዚን ታንከር የተቀበረበት ቦታ ካርታው ላይ ይሰፍር ነበር። ቀጥሎ መሬት ዘልቆ በሚያይ ራዳር የተረሳ ታንከር ይፈለጋል። ከዚያ ይቆፈራል።

ብክለቱን ለማወቅ ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። የከርሰ ምድር ውኃ ወዴት እንደሚፈስ የሚታወቀው የሦስቱ የውኃ ከፍታ ሲነጻጸር ነውና። የውኃ ናሙናው 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ብልቃጥ ይቀዳል፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር እስከ አፍ ገደፉ ተሞልቶ ይከደናል፤ ቤንዜን ወደ አየሩ ካመለጠ ውጤቱ ሐሰተኛ ንጽሕና ያሳያልና። ናሙናው ወዲያው በረዶ ውስጥ ይገባል። ይህ ጥንቃቄ የተጓደለበትን የላቦራቶሪ ውጤት ማንም ሊያምነው አይገባም።

አንድ ጊዜ መቅዳትም አይበቃም። ቤንዚን እንደ ዘይት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። በክረምት ውኃው ከፍ ሲል ቤንዚኑን ይዞት ይወጣል፤ በበጋ ዝቅ ሲል በአፈሩ ላይ እየቀባው ይወርዳል። ስለዚህ ምርመራው በሁለቱም ወቅት መደጋገም አለበት።

ያውቁ ኖሯል? ብክለቱ የአስተዳደር ወሰን አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቺለም፣ ሜሪላንድ ከነበረ የሼቭሮን ማደያ የፈሰሰ ቤንዚን ወሰን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሪግስ ፓርክ በሚባለው ሠፈር ቤቶች ሥር ገብቷል። ሠፈሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። ቤንዚን ከቤት ሥር በገባበት ቦታ ላይ ትነቱ በወለል ስንጥቅ በኩል ወደ ቤት ሊገባ ስለሚችል፣ ከአፈርና ከውኃ ሌላ ከወለል በታች ያለው አየርም ይለካል።

ደስ የሚያሰኝ ነገርም አለ። አፈር ውስጥ ቤንዚን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ኦክስጅን ካገኙ ቤንዜንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለውጡታል። አየር ወደ መሬት በመንፋት ሥራቸውን ማፋጠን ይቻላል። ምንጩ ካልደረቀ ግን፣ ማለትም የሚያፈሰው ታንከር ካልወጣ፣ አይችሉትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶቿ ያሉትም እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው። አዲስ አበባም የውኃዋን ከፍ ያለ ድርሻ ከአቃቂና ከሌሎች ጉድጓዶች ታገኛለች። ማደያ ፈርሶ ሕንፃ ሊሠራ ሲል ታንከሩ ወጥቶ፣ አፈሩ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ለአካባቢው ሰው መነገር ይኖርበታል። ከመሠረቱ በፊት መመርመር ከመሠረቱ በኋላ ከማጽዳት በእጅጉ ይቀላል።

ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ከሆነ የግዛቱ የውኃ ቦርድ «ጂኦትራከር» በተባለ ዝርዝሩ የፈሰሱ ታንከሮችን በአድራሻ ያሳይዎታል፤ ለማየት ክፍያ የለውም። ማደያ ለመግዛት ያሰቡ ወገኖች ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት የአፈርና የውኃ ምርመራ ሰነድ ይጠይቁ። ታንከሩን ከገዙ በኋላ የጽዳቱ ዕዳ በእርስዎ ስም ሊመጣ ይችላል።