«ኪው» ይዞ «ዩ» ያጣ ተጫዋች

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች ስክራብል የሚባለውን የእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጠን ለመመልከት ዕድል አጋጥሞን ነበር። አንደኛው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፤ ሁለተኛው ገና ተማሪ ነው። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በጸሐፊው እጅ ሦስት ፊደሎች ብቻ ቀሩ፤ እነርሱም «ኪው»፣ «ኤ» እና «ቲ» ነበሩ። «ኪው» ዐሥር ነጥብ የሚያስገኝ ፊደል ነው፤ ሳይጫወቱበት በእጅ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያው ዐሥር ነጥብ ከባለቤቱ ላይ ይቀነሳል። ጸሐፊው ብዙ አሰበ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ በመጨረሻም «ያለ ዩ ኪው ምን ይሠራል!» ብሎ ተወው።

ይህ ችግር የእርሱ ብቻ አይደለም። መዝገበ ቃላት የሚያገለግለው የቃሉን መነሻ ለሚያውቅ ሰው ነው። በመካከሉ ወይም በመጨረሻው እንዲህ ያለ ፊደል ያለበትን ቃል አውጣልኝ ቢሉት መልስ የለውም። ጆን ዎከር የተባሉ እንግሊዛዊ በ1775 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ቃላትን ከኋላ ወደ ፊት በመጨረሻ ፊደላቸው የደረደረ መዝገበ ቃላት አሳትመው ነበር፤ ቤት መምቻ ለሚፈልጉ ገጣሚዎች ታላቅ እርዳታ ሆነ። ዛሬ ኮምፒዩተር ይህንኑ ሥራ በቅጽበት ይፈጽመዋል። ዳሩ ግን በጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር መጠየቅ አይፈቀድም።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው ፊደል ከመቍጠር ነው። ሚስተር አልፍሬድ በትስ የተባሉ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ በ1930ዎቹ ዓመታት፣ በታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ጊዜ፣ ሥራ አጥተው ሲቀመጡ የጋዜጣ የፊት ገጽ ዘርግተው እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደ ታተመ ይለቅሙ ጀመር። በዚሁ ስሌት «ኢ» ዐሥራ ሁለት፤ «ኤ» እና «አይ» ዘጠኝ ዘጠኝ፤ «ኪው» እና «ዚ» ግን አንዳንድ ብቻ ሆኑ። «ኤስ» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እጅግ የሚዘወተር ሆኖ ሳለ አራት ብቻ የተደረገው በእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ እየተቀጠለ ብዙ ቍጥር ስለሚያደርግና ጨዋታውን ስለሚያቀለው ነው። ጠቅላላው 100 ጠጠር ሲሆን ሁለቱ ምንም አልተጻፈባቸውም። በ1948 ዓ.ም. ሚስተር ጄምስ ብሩኖት ዛሬ የሚታወቅበትን ስም አውጥተው ለገበያ አቀረቡት። (ይህን ጨዋታ ወደ አማርኛ ለማዛወር የሚነሣ ሰው 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ጠጠር ይጠብቀዋል፤ ዲቃሎቹን ሳንቈጥር! በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» የሚነሣውን ክርክር ደግሞ እግዜር ይገላግል።)

እንግዲህ አስቸጋሪ ፊደል የያዘ ሰው ቃሉን ከወዴት ያገኛል? እኛ እንደሚመስለን ፊደሉ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ከሁሉ ይረዳል። «ኪው» «ዩ»ን አስከትሎ እንዲሄድ ያደረጉት ከ1066 ዓ.ም. የኖርማኖች ወረራ በኋላ በፈረንሳይ ልማድ የሠለጠኑ ጸሐፊዎች ናቸው። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ንግሥት የሚለውን ቃላቸውን «ኩዊን» በ«ሲ» እና በ«ደብልዩ» ይጽፉት ነበር። ስለዚህ «ዩ» የማይከተለው «ኪው» የሚገኘው በዚያ በር ባልገቡት ቃላት፣ ይኸውም ከዐረብኛ፣ ከዕብራይስጥና ከቻይንኛ በመጡት ዘንድ ነው። የእኛን «ቀ» የሚያውቅ ተማሪ የዐረብኛውን «ቃፍ» በ«ኪው» ሲጽፉት ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል።

«ቪ» ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ነባር የእንግሊዝኛ ቃል በእርሱ ማለቅ አይወድም፤ «ጊቭ»፣ «ሃቭ»፣ «ላቭ» የሚሉት ሁሉ የማይነበብ «ኢ» በመጨረሻቸው የተሸከሙት ለዚህ ነው። በጨዋታው በሚፈቀዱት ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ውስጥም «ቪ» ከቶ የለም። አናባቢ ያጣ ተጫዋች ከግሪክ የመጡትን ያስባል፤ «ሪዝም» የሚለው ቃል ስድስት ፊደል ሲኖረው ከአምስቱ አናባቢዎች አንዱም የለበትም፤ «ዋይ» ተክቶ ይሠራል። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚስማማም አንድ አለ፤ «ቡክኪፐር»፣ ማለት የሒሳብ መዝገብ ያዥ፣ ሁለት «ኦ»፣ ሁለት «ኬ»፣ ሁለት «ኢ» በተከታታይ ይዟል።

ዳሩ ግን ፊደሉን ማወቅ ቃሉን ማወቅ ነውን? ኒውዚላንዳዊው ናይጄል ሪቻርድስ በ2015 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ ፈረንሳይኛ አይናገሩም ነበር፤ የቃላቱን ዝርዝር በጥቂት ሳምንታት በቃላቸው አጥንተው ነው ያሸነፉት። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በስፓኝኛው እንዲሁ አደረጉ። ችሎታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ለእርሳቸው ቃሉ የጠጠሮች መልክ ነው፤ ለሰሌዳውም ይህ ይበቃል። አንድ የምናውቀው ወጣት ሹም ግን እንዲሁ በዝርዝር ያጠናቸውን ብርቅ ቃላት በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት ጀመረና አለቃው ጽሑፉን መልሶ በአማርኛ እንዲያስረዳው ጠየቀው። ወጣቱም ማስረዳት አልቻለም። እኛ በበኩላችን ያገኘነውን እያንዳንዱን ቃል ትርጕሙን ሳናይ እንዳናልፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ተጠንቅቀናል። በዚህም «ብር» የሚለው ቃል ለጨዋታው የሚፈቀድ መሆኑን፣ የእኛ ገንዘብ ስም ከመሆኑም ሌላ በእንግሊዝኛው በኩል የመንኰራኵርን የመሰለ የመሽከርከር ድምፅ ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ችለናል።

ወደ ጸሐፊው እንመለስ። ነጥቡ ተደምሮ ካለቀ በኋላ ተማሪው የጓደኛውን ሦስት ጠጠሮች ወደ ራሱ ሳበና «ኪው»፣ «ኤ»፣ «ቲ» አድርጎ ደረደራቸው።

«ቃት!» አለው።

«እርሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«ጫት ነዋ! ከዐረብኛው ወስደውት ነው።»

ጸሐፊው ሐረርጌ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የተሸነፈውም በዐሥራ አንድ ነጥብ ነበር።