የብረታ ብረት ኤሌክትሮኖች በፖዚትሮን ሲመረመሩ

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት፣ በብረታ ብረት ውስጥ ነጻ ኤሌክትሮኖች እንደሚንቀሳቀሱ ይነገራል። ተማሪው «በምን ታወቀ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ የመጽሐፉን ቃል መድገም ነው። ራቤልን በመሳሰሉ የደጋ ከተሞች ያለ የተሟላ ቤተ ሙከራ የሚያስተምር መምህር ይህን ጥያቄ በሞመንተም ጥበቃ ሕግ እንዴት ሊመልስ እንደሚችል ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ፖዚትሮን በመጠነ ቁስ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል ሆኖ አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ነው። ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1931 በንድፈ ሐሳብ ተነበየው፤ ካርል አንደርሰን በ1932 በሙከራ አገኘው። ለምርምር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሶዲየም 22 ነው።

ፖዚትሮን ወደ አሉሚኒየም ሲገባ በጥቂት ፒኮ ሰከንድ ውስጥ ጉልበቱን አጥቶ እጅግ ይዘገያል፤ ከዚያም ከአንድ ኤሌክትሮን ጋር ይጠፋፋል። በምትካቸው እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ያላቸው ሁለት የጋማ ጨረሮች ይወጣሉ። ሁለቱ ቅንጣቶች የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ ጨረሮቹ በትክክል በ180 ዲግሪ ይለያዩ ነበር። የኤሌክትሮኑ ሞመንተም ስለማይጠፋ ግን መስመሩ በጥቂቱ ይታጠፋል። በራዲያን ሲለካ እጥፋቱ የኤሌክትሮኑ አግድም ፍጥነት ለብርሃን ፍጥነት ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። ኤሌክትሮኖች እንደ ተራ ጋዝ ፍጥነታቸውን ከክፍሉ ሙቀት ብቻ የሚያገኙ ቢሆን፣ ፍጥነታቸው በሰከንድ 100,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ጨረሩ የሚያፈነግጠው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልኬቱ የሚያሳየው ግን እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ መዛነፍን ነው። ይኸውም በሰከንድ 2,000,000 ሜትር ገደማ ፍጥነት ማለት ነው። ምክንያቱ በፓውሊ ሕግ ይገለጻል፦ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ ስለማይችሉ፣ ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ሲሞሉ የቀሩት ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ይገፋሉ። ብረቱ ቢቀዘቅዝም ይህ ፍጥነት አይቀርም።

ዘዴው ጉድለትንም ያመለክታል። አቶም በጎደለበት ቦታ ፖዚትሮን ይያዛል፤ በዚያ ኤሌክትሮን ስለሚያንስም ዕድሜው ይረዝማል። በአሉሚኒየም ከ160 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ወደ 240 ገደማ ከፍ ይላል።

መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ 10 ሜትር ገመድ ዘርግቶ ጫፉ ላይ 4 ሚሊ ሜትርንና 7 ሴንቲ ሜትርን ምልክት ቢያደርግ፣ ተማሪዎቹ የሁለቱን ግምቶች ልዩነት በዓይናቸው ያያሉ፤ ስሌቱንም ራሳቸው ይሠራሉ። ያን ጊዜ የኤሌክትሮን እንቅስቃሴ በቃል የሚያዝ ዐረፍተ ነገር መሆኑ ቀርቶ በማስረጃ የተደገፈ ዕውቀት ይሆናል።