የእናቶች ማቆያ ማደሪያ ብቻ አይደለም

የእናቶች ማቆያ ከማዋለጃና ከቀዶ ሕክምና ክፍል እኩል የሆስፒታል የሥራ ክፍል ነው እላለሁ። ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው አታት ሆስፒታል አስጊ እርግዝና ያለባቸውን እናቶች፣ ለምሳሌ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለዱትን፣ ምጥ ሳይጀምራቸው ተቀብሎ ያቆያል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 እዚያ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ሲጠኑ፣ ማቆያ የገቡት እናቶች ከወለዷቸው ከየ1,000 ሕፃናት 18 ያህሉ፣ በቀጥታ የመጡት ከወለዷቸው ደግሞ 191 ያህሉ ሞተው ተወልደዋል።

“በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ የጠናባቸው ስለሆኑ ንጽጽሩ ሚዛን ይጎድለዋል” የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ ልዩነቱ በሙሉ የማቆያው ውጤት አይደለም። ሆኖም ማቆያ የሚገቡትም አስጊ ሁኔታ ያለባቸው ናቸው፤ ምጡ የጠናው ደግሞ በአብዛኛው መንገድ ላይ ባለፈው ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት የሚያስቀረው ማቆያው ስለሆነ፣ ተረኛ አዋላጅና ቋሚ በጀት ሊመደብለት ይገባል።