የአንኮበር ግድግዳና ከግድግዳው ማዶ

ተማሪዎቼን ይዤ አንኮበር ስወጣ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ቲቸር፣ ቤተ መንግሥቱ የታለ?» ብለው ነው። አልፈርድባቸውም። የጎንደርን ግንብና የላሊበላን ውቅር በሥዕል እያዩ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ የነገሥታት ከተማ ሲባሉ ትልቅ ሕንፃ ይጠብቃሉ። ዳገቱን እያለከለኩ ጨርሰው ጉብታው አናት ላይ ሲደርሱ የሚያገኙት ግን ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈ ረዘም ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው። እዚያው በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳያ የተሠራ ሎጅ ነበረ፤ አንዳንዶቹ ዋናው መስሏቸው ፎቶ ይነሡበት ነበር።

እኔ በበኩሌ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወደ ምሥራቅ እንዲያዩ አደርጋለሁ። አንኮበርን አንኮበር ያደረገው ነገር አሁንም ሳይነካ እዚያ ተዘርግቷል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ላይ ሲሄድ ይቆይና መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከአፋፉ ሥር ተረተር በተረተር እየሆነ የይፋት ቆላ ይወርዳል፤ ከእሱም ባሻገር የአፋር ሜዳ እስከ ዓይን ጥግ ይታያል። ይህ እንግዲህ ጉም ካልወጣ ነው። አንኮበር ጉም ከወጣ ከፊት ያለው ሰው እንኳ አይለይም። አንድ ጊዜ በመንገድ ያገኘናቸውን አዛውንት «አባባ፣ ከዚህ ታች አልዩ አምባ ድረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብዬ ብጠይቃቸው «መውረዱን ነው መውጣቱን ልጄ?» አሉኝ። ስለዚያ ዳገት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

የሸዋ መሳፍንት ከመንዝ ተነሥተው ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲያሰፉ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን አፋፍ ያዙ። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በነገሡት በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ገናና ሆነች። ንጉሡ አንጎለላና ደብረ ብርሃንም ይቀመጡ ነበር፤ የመንግሥቱ በር ግን አንኮበር ነበረች።

በሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለተማሪዎቼ በጣቴ እያመለከትኩ ነው የማስረዳቸው። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከተራራው ግርጌ ፋሬ ይደርሳል። ግመል ከዚያ በላይ ዳገቱን አይወጣም። ስለዚህ ጭነቱ ሁሉ ይራገፋል፤ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ሊወጣ እንደገና ይጫናል። የተራገፈ ጭነት ይቆጠራል፣ የተቆጠረም ይቀረጣል። ንጉሡ ለቀረጥ ብለው ምንም ግንብ መገንባት አላስፈለጋቸውም፤ ተራራው ራሱ ነጋዴውን ያስቆመዋል። ከፋሬ ከፍ ብሎ አልዩ አምባ አለ፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። የአሳል ሐይቅ ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። ሰውም ይወርድ ነበር። በባርነት ወደ ባሕር የተነዱት በዚሁ መንገድ ስላለፉና ብዙዎቹም ልጆች ስለነበሩ፣ ተማሪዎቼ ይህን ሳይሰሙ ከዚያ ቦታ እንዲነሡ አልፈቅድም።

ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። ይህን በር የሚጠብቁት፣ ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች የወረደውን «ወላስማ» የሚለውን ማዕረግ የያዙ ሙስሊም ሹም ነበሩ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ቀረጣቸውን ብቻ ሳይሆን በጎንቾ እስር ቤት የታሰሩትን የገዛ ዘመዶቻቸውን ጭምር ያስጠበቁት በእሳቸው ነው። ስለ መንግሥት ጥበብ የማስተምረው ምዕራፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለኝም።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ ልዑክ በዚሁ ዳገት መጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ሃሪስ በጻፈው መጽሐፍ ጉብታው በእንጨት አጥር ተደራርቦ የታጠረ፣ ቤቶቹም ሣር ክዳን እንደነበሩ ይነግረናል። «ፍርስራሹ የት ሄደ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። እንጨት፣ ጭቃና ሣር ሰው ሲኖርበት ይታደሳል፤ ሰው ሲለቀው ወደ አፈር ይመለሳል።

የለቀቀው ደግሞ ራሱ ምኒልክ ነው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ገና ልጅ ሳለ ተማርኮ ሄደ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ በአባቶቹ መንግሥት ላይ ተቀመጠ። ግዛቱ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ ግን አንኮበር ዳር ሆነች፤ መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ወረደ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ጠመንጃ ጭኖ በታጁራ መንገድ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክን ግን አላገኘውም፤ ሒሳቡን ለመቀበል እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ የፋሬና የአልዩ አምባ ሲራራ ሥራውን ጨረሰ። አንኮበር በጦርነት አልጠፋችም፤ መንገዱ ነው ትቷት የሄደው።

ለዚህ ነው የተረፈችው ግድግዳ የምታሳሳኝ። ተማሪዎቼ እንዳይወጡባት እከለክላለሁ፤ በእያንዳንዱ እግር አንድ ድንጋይ ይላላልና። በዙሪያዋ አጥር፣ በአጠገቧም የድሮውን ግቢና የሲራራውን መንገድ የሚያሳይ ጥሩ ካርታ እንዲኖር እመኛለሁ። ጣሊያናዊው አሳሽ አንቲኖሪ በ1869 ዓ.ም. መጥቶ የሰፈረባትንና በ1874 ዓ.ም. የተቀበረባትን ሌት ማረፊያንም ካርታው ቢጨምር ደግ ነው፤ ከአንኮበር ሩቅ አይደለችም።

መሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከሁሉ ይሻላል፤ ወፍራም ሹራብ ግን አይረሳ። ጉልበት ያለው ከከተማው መሪ ይዞ በእግሩ አልዩ አምባ ይውረድ፤ ቁልቁለቱን ያልረገጠ የነጋዴውን ድካም በንግግር አይረዳውም። ለመሪው በደንብ ይክፈለው። ቁልቁለቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ የምትገባው ቶሎ ነው፤ መውጣቱም ከመውረዱ እጅግ ይረዝማል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መነሣት ያስፈልጋል።