ሪፖርቱ ሲነበብ አትውጡ፦ የዋግ ኽምራ ሰበካ ጉባኤ ለእንግዳ ካህን

ለሀገረ ስብከት ጉባኤ ተጋብዞ ሰቆጣ የሚሄድ ካህን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለስብከቱ ነው። ጉባኤው በጸሎት ይከፈታል፣ ወረብ ይቀርባል፣ ቃለ በረከት ይሰጣል፤ የየወረዳው ሪፖርት ሲጀመር ግን እንግዳው ስልኩን ይዞ ቀስ ብሎ ይወጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ የጉባኤው እምብርት ያ ሪፖርት ነውና።

የሰበካ ጉባኤን አወቃቀር ሁሉም ያውቀዋል፦ ከአጥቢያ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከወረዳ ወደ ሀገረ ስብከት፤ መጨረሻው ጥቅምት 12 ቀን ቅዱስ ሲኖዶስ ከመሰብሰቡ በፊት አዲስ አበባ ላይ የሚደረገው አጠቃላይ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ነው።

«ሰበካ ጉባኤ ብር መሰብሰቢያ ነው» የሚለውን ንግግር ከምእመናን ብቻ ሳይሆን ከካህናትም አፍ እሰማለሁ። እንዲህ የሚል ሰው 1967 ዓ.ም.ን ረስቷል። ቀድሞ የአገሩ ሲሶ የቤተ ክርስቲያን ነው ይባል ነበር፤ ቀዳሹም መሪጌታውም ዲያቆኑም የሚያድረው በሰሞን መሬት ነበር። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ሲያውጅ ያ ሁሉ ቀረ። የገጠር ቄስ እንደ ማንኛውም ገበሬ የድርሻውን እያረሰ ቤተሰቡን ማብላት ይችል ይሆናል። እጣኑን፣ ጧፉንና ዘቢቡን ግን ማን ይግዛው?

ደግነቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። ደንቡ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበት ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ምእመኑም በአባልነት ተመዝግቦ አስተዋጽኦ እንዲከፍል ያዛል። የደብሩ አስተዳዳሪ ሰብሳቢ ቢሆንም ምክትሉ ከምእመናን ወገን ነው፤ «የካህናት ስብሰባ» የሚሉት ይህን ልብ ይበሉ። መሬቱ ሲሄድ ቅዳሴው ያልታጎለው በዚህ መዋቅር ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የዘረጉት ሥርዓት ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

አንድ ጊዜ ሰቆጣ አዳራሽ ውስጥ ከዝቋላ ቆላ፣ ከተከዜ በኩል የመጡ ሽማግሌ ቄስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የሞዴል 64 ደረሰኝ ጥራዝ አወጡ። ወረቀቱ በላብ ወይቧል፤ ጉርዱ ላይ ያሉት ስሞች ግን አንድ በአንድ ይነበባሉ። አንዱ ማሽላ ሸጦ የከፈለ ነው፣ ሌላው ፍየል። አንዲት ሴት ስም ላይ ጣቴን አድርጌ «አባቴ፣ ይህችስ ማን ናት?» አልኳቸው።

«እሷማ ባልቴት ናት። ልጇ ወልድያ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ሲልክላት ነው የምትከፍለው። ትዘገያለች እንጂ ቀርታ አታውቅም» አሉኝ።

የሁሉንም ከፋይ ኑሮ እንዲሁ ያውቁታል። በወረዳው ሪፖርት ላይ ያ አጥቢያ አንድ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ሲነበብ ሽማግሌው ጣታቸውን ከጉርዱ ድምር ላይ አድርገው ካመሳከሩ በኋላ ጥራዙን መልሰው ጠቀለሉት።

ዋግ ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው፤ የ1977ቱን ችግር የሚያስታውሱ ካህናት ዛሬም አሉ። አስተዋጽኦው ደግሞ ዝናቡን ይከተላል። ሪፖርቱን ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ እንግዳ ሰብሉ የት እንደከሸፈ፣ ሰው ከየት እንደተሰደደ፣ የትኛው የአብነት ጉባኤ ቤት ተማሪዎቹ እንደተበተኑበት ይገባዋል። ይህን ከየትኛውም ስብከት አያገኘውም።

ለሚሄዱ አባቶች ጥቂት ነገር ልበል። የክህነት ማስረጃና የሀገረ ስብከታችሁን ደብዳቤ ያዙ፤ እናንተን የማያውቅ ደብር ያለ ወረቀት ቀድሱ ቢላችሁ ጥፋቱ የእሱም የእናንተም ነው። ንግግር ከተሰጣችሁ አሳጥሩ፤ ሰዓት የሚበላ እንግዳ የሚቀማው ሁለት ቀን በእግሩ የመጣውን ልዑክ ተራ ነው። በእረፍት ሰዓት ልዑካኑ በኽምጣኛ ሲጨዋወቱ ራቅ ብላችሁ አትቁሙ፤ ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ በደስታ ይተረጉሙላችኋል። ወቅቱ የጽጌ ጾም ከሆነ ደግሞ መጾም አለመጾማችሁን ለጋባዦቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አንዱ ጿሚ፣ ሌላው የማይጾም ሲሆን አስተናጋጁ ይቸገራል።

ጉባኤው ሲያበቃ በቀጥታ ወደ መኪና አትሩጡ። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከከተማው ሩቅ አይደለም፤ ከዓለት የተፈለፈለ ነው፣ የዋግ ሹማምንትም አስከሬን በሣጥን ሆኖ ይገኝበታል። ጎብኚ ሁሉ ስለ አስከሬኑ ይጠይቃል፤ እናንተ ስለ አገልጋዮቹ ኑሮም ጠይቁ። ስትሳለሙ የምትሰጡትን ብር ለሰው እጅ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ ደረሰኝ አስቆርጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሰቆጣ ላይ የሚነበበው በጉርዱ ላይ የቀረው ነው።