በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የደም ግፊት መድኃኒት፦ ተስፋውና ገደቡ

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። ሕመምተኛው ሥቃይ ስለማይሰማው፣ በተለይም ጾም ሲገባ ወይም ጠበል ሲጀምር፣ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ይፈተናል። ይህን መቆራረጥ ለመቀነስ ከታሰቡት መንገዶች አንዱ መድኃኒቱን በቆዳ በኩል መስጠት ነው።

ልጥፉ መድኃኒት የያዘ ስስ ፕላስተር ነው። ፀጉር በሌለው የላይኛው ክንድ ወይም ደረት ላይ ሲለጠፍ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ በቆዳ ሰርጎ ወደ ደም ይገባል። ክሎኒዲን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ተፈቅዷል። አንዱ ልጥፍ ለ7 ቀናት ያገለግላል፤ ከዚያም በሌላ ቦታ ላይ አዲስ ይለጠፋል።

አብዛኞቹ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶችስ ስለ ምን እንዲሁ አልተዘጋጁም? የቆዳ የላይኛው ሽፋን ባዕድ ነገርን የሚከላከል አጥር ነውና በቀላሉ አያሳልፍም። የሚያልፈው መድኃኒት ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ፣ ከቅባት ጋር የሚዋሐድና በጥቂት መጠን የሚሠራ ሊሆን ይገባል። ትንሹ የክሎኒዲን ልጥፍ በቀን የሚሰጠው 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች ግን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ይህን አጥር የሚበሱ እጅግ ደቃቅ መርፌዎች ያሉባቸውን ልጥፎች በመሞከር ላይ ይገኛሉ።

ልጥፉ ገደብ አለው። ኃይሉ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ቀናት በኋላ ነው፤ ቆዳን ሊያሳክክና ሊያቀላ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ቢቋረጥ ደግሞ ግፊቱ በኃይል ሊያሻቅብ ይችላል። እንግዲህ እንክብልም ሆነ ልጥፍ ጽናትን ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ የካህናትና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ ከፍተኛ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ያስተምራል። የንስሐ አባት የንስሐ ልጁን ስለ ጾሙ ሲጠይቅ ስለ መድኃኒቱም ቢጠይቀው ሕይወት ያተርፋል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ ሕመምተኛው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ከጾሙ ጋር ሊያስማማ ይችላል፤ ማቋረጥ ግን አይገባውም። ሰበካ ጉባኤያትም ከአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ጋር በመነጋገር ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን ግፊታቸውን የሚለኩበትን ዕለት ቢያዘጋጁ፣ ሕመሙ እንዳለባቸው ያላወቁት በጊዜ ይታከማሉ።